የተዝካሩ ጠላ

እትዬ ይታይሽ ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ አይከፋቸውም፤ የሚከፋቸው ወሬው ጆሯቸው ሳይደርስ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ በዚያ የገበያ ቀን ማለዳ፣ ተከራያቸው ከግድግዳው ማዶ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወረቀት ማንበብ ስትጀምር፣ የሚፈትሉትን ሱፍ ከነእንዝርቱ ጭናቸው ላይ አኑረው ጆሯቸውን ከግድግዳው ለጠፉ። ግድግዳውን የመረጉት ሟቹ ባላቸው ወሰኔ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ወሰኔ ጭድ ላይ ስስታም ነበሩ፤ ግድግዳቸው ብርድ ከልክሎ አያውቅም፣ ሳልም ሹክሹክታም አይደብቅም። ባልየው በሕይወት ሳሉ እትዬ ይታይሽ በዚህ ነገር ሲነዘንዟቸው ኖረዋል፤ ክፍሉን ለሰው ማከራየት ከጀመሩ ወዲህ ግን የጭዱን ስስት መመረቅ ይዘዋል።

"ተገልጋይ ወይዘሮ ለ የሰባ አራት ዓመት አረጋዊት ናት" አለች ልጅቱ፣ ወንጌል እንደሚያነብ ዲያቆን ቃሉን እየለካች። "በመሐል ሜዳ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። መጥቶ የሚጠይቃት የቅርብ ዘመድ የላትም።"

ማን ትሆን ይህች ምስኪን? አሉና እትዬ ይታይሽ ከንፈራቸውን መጠጡ። የሰፈሩን አሮጊቶች ከላይ እስከ ታች በሐሳባቸው ዞሩ። አንዷ ልጅ አላት፣ አንዷ ምራት አላት፣ አንዷ ደግሞ ለመጠየቅም የማትመች ክፉ ናት።

"ባለቤቷ ከሦስት ዓመት በፊት አርፏል። ሱፍ እየፈተለች ትሸጣለች፤ አንድ ክፍልም ታከራያለች።"

መምጠጡን ተዉት።

"ከታናሽ እህቷ ጋር ከባለቤቷ ተዝካር ዕለት ጀምሮ አትነጋገርም። የግጭቱ መንስኤ ለተዝካሩ የቀረበው ቀጭን ጠላ ነው።"

እንዝርቱ ከጭናቸው ተንከባሎ ወደቀ።

በፊታቸው "እርስዎ" እየተባሉ በወረቀት ላይ "ናት" መባላቸውን ይለፉት ግድ የለም፤ ወረቀት አክብሮት አያውቅም። ብቻዋን ትኖራለች መባሉንም ይለፉት፤ ከሰው ጋር እየኖረ ብቻውን የሆነ ስንቱን አይተዋል። ጠላውን ግን እንዴት ብለው ይለፉት? ገብሱን ራሳቸው ለቅመው፣ ብቅሉን ራሳቸው አብቅለው፣ ጌሾውን ከማጀት እስከ ደጅ ድረስ እንዲሸት አድርገው የጠነሰሱትን ጠላ! ታናሽ እህታቸው ጠጄ በዚያ ቀን፣ ካህናቱ ተቀምጠው፣ አገር ምድሩ ድንኳን ሞልቶ ሳለ ጣሳዋን ከፍ አድርጋ "እህት ዓለም፣ ይሄ ጠላ ነው ቅራሪ?" አለች። ቅራሪ! ድፍድፍ ታጥቦ የሚጠለለውን፣ ለልጅ የሚቀዳውን! ሰው ሳቀ። እትዬ ይታይሽ ግን አልሳቁም፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ አልሳቁም።

ይህን ታሪክ ለልጅቱ የነገሯት ራሳቸው ናቸው፣ ያውም ቆሎ እያስቆረጠሙ። ትሕትና ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ክፍሉን ከነመብራቱ በወር በአንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ይዛ ከገባች ሦስት ወር ተኩል ሆኗታል። የመጣችው ደብሩ አረጋውያንን በሚረዳበት ክፍል ለትምህርቷ ልምምድ ልትሠራ ነው ተብሏል። ሲያጫውቷት አቋርጣቸው አታውቅም፤ ዝም ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ያ ሁሉ መነቅነቅ ጨዋነት መስሏቸው ነበር። ለካ መዝገብ ኖሯል።

ዱላቸውን አንሥተው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መቱት። ንባቡ ቀጥ አለ።

"ትሕትና!"

"አቤት እማማ!"

"ነይ እስቲ ወዲህ።"

ልጅቱ በነጠላ ጫማ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ፊቷን ሲያዩት ገና ሳይናገሩ ጥፋቷን አውቃለች። "ሰሙኝ እንዴ እማማ?"

"እኔ ምን ብዬ እሰማለሁ፣ የሰማ ግድግዳው ነው። ያ ወረቀት የት ነው የሚሄደው?"

ትሕትና በሩ ላይ እንደቆመች አስረዳች። ሶሻል ወርክ ነው የምትማረው፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ አንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ ውስጥ። ሰው ሲቸገር፣ ሲጣላ፣ ሲያረጅ እንዴት እንደሚታገዝ፣ እምነትንና ሙያን አንድ ላይ ይዞ። መምህሯ ዶክተር አመተሥላሴ ዛሬ ስምንት ሰዓት ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ይደርሳሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሥራዋን ያያሉ። ከወደዱት ትመረቃለች፤ ካልወደዱት አራቱን ወር እንደገና ከመጀመሪያው ትሠራለች። ወረቀቱ ከዚያ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። "ስምዎን ግን አልጻፍኩም እኮ እማማ፤ ወይዘሮ ለ ነው ያልኩት።"

"በመሐል ሜዳ ባሏ የሞተባት፣ ሱፍ የምትፈትል፣ ክፍል የምታከራይ፣ በጠላ የተጣላች ስንት ወይዘሮ ለ አለች?"

ትሕትና ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"ቤተ መጻሕፍት የገባ ነገር ስንት ዘመን ይቆያል?"

"እ... ሁልጊዜ ይቆያል።"

እትዬ ይታይሽ ወደ ግድግዳው ዞሩ። የወሰኔ የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለው ጽሕፈት በሦስት ክረምት ዝናብ ግማሹ ታጥቧል፤ ቀጭኑ ጠላቸው ግን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት፣ ያልተወለደ ሰው ሲያነበው ሊኖር ነው።

"አይፋቅም?"

"ስሕተት ከሆነ ይስተካከላል። ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ መምህሬ ያለ ማስረጃ ምንም ነገር አይቀበሉም።"

"ሁለተኛ ዲግሪ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ እማማ።"

"ታዲያ በመጀመሪያው ምን ሲያስተምሩሽ ከረሙ?" አሉና ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ከምሳ በፊት ጠላው ወፍራም እንደነበር የሚመሰክር ሰው ማግኘት አለባቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ንስሐ አባታቸው ነው። የካህን ቃል ዲግሪም አይገለብጠው። ቄስ አትናቴዎስ ቅዳሴ ጨርሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እትዬ ይታይሽ መስቀል ተሳለሙና ጉዳዩን ሳያዳምቁ ነገሯቸው። ቄሱ ጢማቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ አሰቡ።

"ልጄ፣ እኔ የባረክሁትን አውቃለሁ እንጂ የጠጣሁትን አላስታውስም።"

"ሦስቴ አስቀድተዋል እኮ አባ! ቆሜ የቀዳሁልዎ እኔ ነኝ።"

"እሱን ካስታወስሽ ሌላም ነገር አስታውሺ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥጋ ወደሙ ልቀበል ስትዪኝ መጀመሪያ ከእህትሽ ታረቂ አልሁሽ። ወንጌሉ መባህን ከመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና ታረቅ ሲል ታላቅ ታናሽ ብሎ አልለየም።"

"አባ፣ ወንጌሉን ማንም ቅራሪ አላለውም። እኔን ነው ያለችኝ። ድንጋይዋን ተሸክማ ትምጣ፤ ያን ጊዜ አወርድላታለሁ።"

በዚያ አገር በደለኛ ማለት ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ፣ የተበደለው ሰው ደጅ የሚመጣ ነው። የተበደለው ድንጋዩን ከማጅራቱ ካወረደለት ነገሩ አለቀ፤ ዳኛም የለ፣ ጠበቃም የለ። እትዬ ይታይሽ በዚህ በኩል የተመሰከረላቸው አስታራቂ ናቸው። ባልና ሚስት፣ ወንድማማች፣ ድንበርተኛ ስንቱን አስታርቀዋል። ድንጋዩን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ "ጡጫ የሚያህለው ፌዝ ነው፣ ከወፍጮ መጅ የበለጠው ቂም ነው" ይላሉ። የሰውን ድንጋይ ሲመርጡ የኖሩት ሴትዮ የራሳቸው ላይ ሲደርሱ ደጃቸው ተቀምጠው ሦስት ዓመት ጠበቁ። ጠጄ ግን አልመጣችም። የቀብራቸውን ሁሉ አሰናድተዋል፤ መግነዙ ተገዝቷል፣ ለካህናቱ የሚቀርበው ገብስ ተለይቶ ተቀምጧል፣ ቦታው ከወሰኔ ጎን ነው። የቀራቸው ቆርበው መሞት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ያችው ጣሳዋን ያነሣች እጅ ይዛባቸዋለች።

ከደጀ ሰላሙ ወጥተው ወደ ገበያው ወረዱ። የበጉ ተራ ላይ የበግ ነጋዴው አበረ አንድ ሙክት በቀንዱ ይዞ ከአንድ ገዢ ጋር ሲከራከር አገኙት። ገዢው አሥራ ሁለት ሺህ ይላል፣ አበረ ሙክቱን በጓሳ ግጦሽ እንዴት እንዳሳደገው እየማለ አሥራ አምስት ይላል። አበረ በመጠጥ የታወቀ ሰው ነው፤ ጠላ ሲቀምስ ገብሱ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ይናገራል ይባልለታል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከወዴት ይመጣል?

"አበረ፣ እግዜር ያሳይህ፣ እውነቱን ተናገር። የወሰኔ ተዝካር ላይ ጠላው እንዴት ነበር?"

አበረ ሙክቱን እንደያዘ ፊቱ በራ። "አይ እትዬ ይታይሽ! ምን የመሰለ ጠላ! ስምንት ጣሳ ጠጥቼ፣ በዚያ በገደሉ መንገድ ሁለት በግ እየነዳሁ፣ አንዴ እንኳ ሳልንገዳገድ ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱም ራሴን አላመመኝ!"

የበግ ተራው በሙሉ ሳቀ። ገዢው እንኳ ዋጋውን ረስቶ ሳቀ። አበረ ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው። "ለመምህሯም መጥቼ ልመስክርልዎ?" አለ።

"አንተ አፍህን ዘግተህ በግህን ሽጥ" አሉት እትዬ ይታይሽ።

ወደ ሱፉ ተራ አለፉ። ይህ የእሳቸውም የጠጄም ቦታ ነው። የተፈተለ ሱፍ፣ ባና የሚሉት የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አንዳንዴ ያረጀ በርኖስ ይሸጥበታል። ሁለቱ እህትማማቾች በየገበያው ቀን በአሥር እርምጃ ርቀት ይቀመጣሉ፤ ከሁለቱ መሐል ባና የምትሸጥ ጌታነሽ የምትባል ሴት አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የተነጋገሩት በእሷ በኩል ነው። እትዬ ይታይሽ ሰማዩን ያዩና "ጌታነሽ፣ ዝናብ ሊጥል ነው፤ ሱፉን የዘረጋ ሰው ካለ ይሸፍን" ይላሉ። ጠጄም ከማዶ "ጌታነሽ፣ እኔም ዓይን አለኝ በይ" ትላለች። ጌታነሽ ለማንም ምንም አትልም፤ ሁለቱም እንደተሰማሙ ታውቃለች። ዛሬ ግን የጠጄ ቦታ ባዶ ነው። ሱፏን ንፋስ እንዳይወስድ የምትጭናቸው ድንጋዮችና የምትቀመጥበት ከረጢት ብቻ አሉ።

"ጌታነሽ፣ የወሰኔ ተዝካር ላይ ጠላው እንዴት ነበር?"

"እኔ ያን ቀን ወጥ ላይ ነበርሁ እኮ፤ ጠላው ጋ መች ደረስሁ።" ጌታነሽ ባናዋን አጠፈችና እንደገና ዘረጋችው። "እትዬ ጠጄ ወገባቸውን ይዟቸዋል። ከተኙ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።"

"እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ጠላው ነው።"

"እኔም የነገርሁዎት ስላልጠየቁኝ ነው።"

እትዬ ይታይሽ ባዶውን ከረጢት አዩት። ንፋሱ አንድ ጫፉን ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። ከዚያ ማንም ያላያቸው መስሏቸው፣ በዱላቸው ጫፍ አንድ ድንጋይ ገፋ አድርገው ከረጢቱ ላይ አኖሩበት፤ እንዳይበር ነው። ጌታነሽ አየች፤ አላየሁም ብላ ወደ ሌላ ዞረች።

ማስረጃ አልተገኘም። ምሳም አልበሉ። ስምንት ሰዓት ሳይሆን ከአዳራሹ ደጃፍ ደረሱ። አዳራሹ ቆርቆሮ ለብሶ ግድግዳው በኖራ የተቀባ ነው፤ መስኮቱ ግን መስተዋቱ ከተሰበረ ቆይቶ ላስቲክ ተወጥሮበታል። እትዬ ይታይሽ ከመስኮቱ ሥር ካለው ደረጃ ላይ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ሐሳባቸው መምህሯ ሲወጡ ጠብቀው ጠላውን በመሐላ ሊያስፍቁ ነበር። መሐላም ማስረጃ ነው። መማላቸውን ሲያስቡት ግን ምላሳቸው ከበዳቸው፤ ለምን እንደከበዳቸው ያውቃሉ፣ አላውቅም ብለው ወደ ጎን አሉት።

ከውስጥ ድምፅ መጣ። ዶክተር አመተሥላሴ የሰከነ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበራቸው። ልጅቱ አንብባ ስትጨርስ እንዲህ አሉ።

"ሥራሽ ንጹሕ ነው ትሕትና። ግን የመጨረሻውን ክፍል ተመልከቺው። 'እምነትና ሙያ' ይላል፤ አንቺ ከሥሩ አንድ የወንጌል ጥቅስ አስቀምጠሻል። እንደ ሚጥሚጣ ከላይ ነስንሰሽዋል እንጂ ከወጡ ጋር አልበሰለም። ጥቅሱ 'ሂድና ታረቅ' ይላል። በዚህ ሥራ ውስጥ ማን ሄደ?"

ልጅቱ ወረቀቷን አገላበጠች።

"ሌላም አለ። በሥራሽ ላይ አንድ አፍ ብቻ ነው የሚናገረው። እህትየዋን አግኝተሻቸዋል?"

"ሄጄ ነበር። ቆሎ ሰጡኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፤ ስለ ጠቡ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ስለዚህ ቤታቸው ውስጥ ያየሁትን ብቻ ነው የመዘገብኩት።"

"አንብቢልኝ።"

ወረቀት ተገለጠ። "አንድ የሽቦ አልጋ። ሁለት በርጩማ። የሥላሴ ሥዕል። የተጠቀለለ ባና። ከበሩ ኋላ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ የታጠበ ድንጋይ።"

"ድንጋይ?"

"የበር መደገፊያ ይመስለኛል።"

እትዬ ይታይሽ ከደረጃው ተነሡ። እንዴት እንደተነሡ አላወቁትም፤ ጉልበታቸው እንደ ልማዱ አልጮኸም። በሩን በዱላቸው ገፍተው ገቡ።

"የበር መደገፊያ!" አሉ። "እመቤቴ ድረሽ! ሰው አጥቦ በነጭ ጨርቅ ላይ የሚያስቀምጠው የበር መደገፊያ የት አገር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ዶክተር አመተሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። ደርባባ ሴት ናቸው፤ የመንገዱ አቧራ ገና ከነጠላቸው አልረገፈም። "እናቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?"

"ወይዘሮ ለ እኔ ነኝ።"

ትሕትና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መምህሯ አንዴ አሮጊቷን፣ አንዴ ተማሪያቸውን አዩና ነገሩ ገባቸው። "ስማቸውን ደበቅሽ፤ ድምፅሽን ግን አልደበቅሽም" አሏት፣ ቀስ ብለው። አባባላቸው ለጆሮ ለስላሳ ቢሆንም ልጅቱ አራት ወሯ ሲፈርስ ታይቷታል። እንባዋ መጣ።

እትዬ ይታይሽ ወረቀቱን ሊያስፍቁ ነበር የመጡት። ልጅቱ ብትወድቅ ወረቀቱም አብሮ ይወድቃል፤ ጠላቸውም አዲስ አበባ አይገባም፤ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚበቃቸው። ዝም ማለት ግን ድሮም አልሆነላቸውም። "አንቺ፣ ልጅቱን ተያት!" አሉ ለዶክተሯ። "ጥፋቱ የሞተው ባሌ ነው፤ ግድግዳውን ሲመርግ ጭድ ሰሰተ። ደግሞ በሦስት ዓመት ማንም ያላየውን ነገር ያየች እሷ ናት። ቄሱም አላዩ፣ እኔም አላየሁ። እሷ ምን እንደሆነ ባታውቀውም አይታ ጽፋዋለች።" ወደ ትሕትና ዞሩ። "ተነሺ አንቺ፣ እንባሽን ጥረጊ። ነይ ይህን ሁለተኛ ዲግሪ ልጨርስልሽ።"

የጠጄ ቤት ከአዳራሹ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እትዬ ይታይሽ በሰባት ደረሱ። ሁለቱ የተማሩት ከኋላቸው እያለከለኩ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ደጅ ረግጠውት አያውቁም። አጥሩ አንድ ወገኑ ዘምሟል፤ ማንም አላቀናውም። ቤቶች ሳይሉ ገቡና በሩን ከኋላቸው ገፋ አድርገው ከበስተጀርባው አዩ።

ድንጋዩ ነበር። ነጭ ጨርቅ ላይ። ብዙ ጊዜ ከመታጠቡ የተነሣ ወዝ ያለው መስሏል፣ እንደ እንቁላል ይለሰልሳል። እትዬ ይታይሽ በአስታራቂ ዓይናቸው ለኩት፦ ከጡጫ ይበልጣል፣ ከመጅ ያንሳል። ልኩን ታውቃለች፣ አሉ በልባቸው። ከእኔ አይደል የተማረችው።

"ማን ነው?" አለች ጠጄ ከአልጋው። ሦስት ቀን የተኛ ሰው ድምፅ ነው። ታላቋን ስታይ ልትነሣ ሞከረች፤ ወገቧ ያዛትና መልሳ ጋደም አለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ድምፅ የትሕትና ማለክለክ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት በጌታነሽ በኩል የተነጋገሩ ሰዎች ጌታነሽ በሌለችበት ከየት ይጀምሩ?

እትዬ ይታይሽ ዱላቸውን ለትሕትና አቀበሉና ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሡ። ማጅራታቸው ላይ አደረጉት።

"አንቺ ሴትዮ ምን ልታደርጊ ነው!" ጠጄ ወገቧን ረስታ ተቀመጠች። "አውርጂው! የእኔ ድንጋይ ነው! በየበዓሉ ዋዜማ ሳጥበው የኖርሁት እኔ ነኝ!"

"አጥበሽ ያስቀመጥሽው ለምን ኖሯል? ለጌጥ ነው?"

"በር ድረስ አወጣዋለሁ፣ ፊትሽ ይታየኛል፣ መልሼ አስገባዋለሁ። ያ ፊትሽ!"

"ፊቴ ምን ሆነ?"

"አንቺ ታላቅ ነሽ፤ ታላቅ አይሸከምም! ድንጋይ ከፈለግሽ ሂጂና የራስሽን ፈልጊ!"

"የአንቺ ወገብ ይህን አይችልም፤ ዝም በይ።" እትዬ ይታይሽ እንዳጎነበሱ ወደ አልጋው ቀረቡ። ድንጋዩ አንገታቸው ላይ ቀዝቅዟል፤ ወለሉን እያዩ ነው የሚናገሩት፣ ለዚህም አመሰገኑ፤ ፊት ለፊት አይቶ የሚነገር ነገር አልነበረም። "ሁለቱ ጋን ቀትር ሳይደርስ አለቀ። ሰው ገና ከየት ከየቱ እየመጣ ነበር፤ ከሩቁ ቀየት ድረስ የመጣ ነበር። ሦስተኛው ጋን ላይ ውሃ ጨመርሁበት። ቅራሪ ነበር። እውነትሽን ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች ጠጄ። "ባልዲውን ያቀበልሁሽ እኔ አይደለሁም?"

እትዬ ይታይሽ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ቀና ለማለት ሞከሩ። ረስተውት ነበር። ጓሮው፣ ጭሱ፣ ሁለት ሴቶች አንድ ባልዲ ይዘው እንደ ሌባ ሲሽሎከሎኩ። "ታዲያ አቀብለሽኝ ስታበቂ ለምን በሰው ፊት ተናገርሽው?"

"እንድትስቂ ነዋ! ወሰኔ ከሞተ ያን ዕለት ድረስ ጥርስሽን አላየሁትም ነበር። የሁለታችን ነገር ስለሆነ ትስቂያለሽ ብዬ።" ጠጄ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከአንቺ በቀር።"

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የመጣው። ከሦስት ዓመት በላይ ታፍኖ የቆየ ነገር አወጣጡ አያምርም፤ እትዬ ይታይሽ ሳል ይመስል ጀመሩት፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ድንጋዩም ሊወድቅ ተንገዳገደ። ጠጄ በሁለት እጇ ያዘችው። ላውርድ ልሸከም ሲጓተቱ፣ "የእኔ ነው"፣ "የእኔ ነው" ሲባባሉ ድንጋዩ ከሁለቱም እጅ አምልጦ አልጋው ላይ አረፈ። ማን እንዳወረደው ማን እንደተሸከመው እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ትሕትና ደብተሯን አውጥታ ነበር። ዶክተር አመተሥላሴ እጃቸውን በብዕሯ ላይ አኖሩና ዝቅ አደረጉት። በዚያች ቤት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ኋላ፣ ጠጄ ወገቧን እያሻሸች ቆሎ ካላቀረብሁ ብላ ስትጨቃጨቅ፣ መምህሯ ወደ ተማሪያቸው ጎንበስ አሉ። "አራቱን ወር አትደግሚውም። የመጨረሻውን ክፍል ግን እንደገና ጻፊው፤ ጥቅሱን አውጥተሽ ያየሽውን አስገቢበት። ሁለቱንም ግን መጀመሪያ አስፈቅጂ።"

እትዬ ይታይሽ ሰሙ። እሳቸው የማይሰሙት ነገር የለም። በርጩማውን ስበው ከእህታቸው አልጋ ጎን ተቀመጡና ዱላቸውን ከልጅቱ ተቀበሉ።

"ምን ታስፈቅጃለሽ፣ ፈቅጃለሁ፤ ይህችም ፈቅዳለች። በይ አሁን ብዕርሽን አንሺ" አሉ። "መጀመሪያ ያንን 'የሚጠይቃት ዘመድ የላትም' ያልሽውን ሰርዢው።"

ትሕትና ሰረዘች።

"ጠላውን ግን ተዪው፣ አትፋቂው። ቀጭን ነበር ብለሽ ጻፊ።" ቆሎውን ዘገኑ፣ ለጠጄ አካፈሉ፣ ሲቆረጥሙ ቆዩ። "ከሥሩ ደግሞ፣ የመጣው ሰው ግን ብዙ ነበር በይ።"